ያልተጠራችው እመቤት

ዛሬ ይህን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጣችሁ አንባቢዎች አትሸበሩ፤ ያመለጣችሁ ብዙ አይደለም። ስለ ዘንዶ የሚጽፍ ወንድ አለ፤ ብራና የምታነብ ሴት አለች፤ ይዋደዳሉ፤ አባቷ አያውቁም። እስካሁን የተባለው ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ዛሬ የሚሆን ነው፤ ደግ ነገር አይደለምና መሐረብ አቅርቡ።

ወንዱን የሰፈሩ ሰው «ዘንዶው» ይለዋል። ሞገደኛ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ውሻ ሲጮህበት መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ስም የወጣለት ጎራዴና የተረገመ ጫካ ያለበት የምናብ ልቦለድ ስለሚጽፍ ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ያሳደጉት ከሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ደንበኛ «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲላቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው «ዘንዶ ያረባል፤ እስካሁን አንድም አልሸጠ» ይላሉ።

ሴቲቱ የትልቁ ቤተ መጻሕፍት የብራና ክፍል ሠራተኛ ናት። የመካከለኛው ዘመን ሰዎች የተዉትን የፈረሰኞች ተረት ዛሬ ማንም ከማይናገራቸው ቋንቋዎች ትመልሳለች። ተርጓሚዋ እንበላት። አባቷ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስለነዚሁ ተረቶች ያሳተሟቸው መጻሕፍት መደርደሪያ ይሞላሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን የምታነብላቸውም፣ የምትተረጉመውም፣ የምትጽፈውም እሷ ናት። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የእሳቸው ስም ብቻ ነው። ተርጓሚዋ ይህን አንድም ቀን አንስታባቸው አታውቅም። አዲስ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት በመጣ ቁጥር ግን ሰው ሳያያት የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ ታደርጋለች፤ ምናልባት ስለ እሷ የምትል አንዲት ቃል ትኖር እንደሆነ ብላ ነው። ኖራ አታውቅም።

የ«ዘንዶው» መጽሐፍ የተመረቀው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ በወጣት ጢም ብሏል። ተርጓሚዋ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ የእሱ እናት የሰፉላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ አሁን የገዛችውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ልቧ እንደ ልጅ ይዘላል። ምክንያቱም የዛሬው ቀን ለእሷ የምርቃት ቀን ብቻ አልነበረም። አባቷን ባሕር ማዶ ያለ ዩኒቨርሲቲ ጠርቷቸዋል፤ እሷም አብራቸው እንድትሄድ ይጠብቃሉ። ያለ እሷ አንድ መስመር ማንበብ አይችሉማ! እሷ ግን ስታስብ የከረመችው ሌላ ነው። መጽሐፉን ይዛ ቤቷ ትገባለች፤ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የመጀመሪያውን ገጽ ትገልጥና «አባባ፣ ስሜ ይኸው። ይህን ሥራ ከዚህ ሰው ጋር ነው የሠራሁት። እወደዋለሁ። አልሄድም» ትላለች።

ለ«ዘንዶው» የነገረችው «መጽሐፉ ሲወጣ እወስናለሁ» ብቻ ነበር። ስለ ስሟ አንድም ነገር አላነሳችም። ልመና እንዳይመስልባት ፈራች። ደግሞስ ለሚወዳት ሰው ይህ ይነገረዋል?

ገለጠችው።

ገጹ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነበር፦ «ይህን ታሪክ ከማን እንዳገኘሁት አልናገርም። ብትጠይቁኝም አልናገርም።»

የሚቀጥለውን ገጽ አየች። የመጨረሻውን አየች። የጀርባ ሽፋኑን አገላበጠች። የአሳታሚው ስም አለ፤ የሽፋን ሠዓሊው ስም አለ፤ ፊደል የለቀመው ሰው እንኳ ስሙ አለ።

ከፊት ረድፍ አንዲት ተማሪ ተነሥታ ጠየቀች፦ «ዘንዶው የተኛበትን ሀብት ሲጠብቅ ሲጠብቅ በመጨረሻ ራሱ ወርቅ ሆኖ ደርቆ የሚቀርበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አመጣኸው?»

ያን ከየት እንዳመጣው ተርጓሚዋ ታውቃለች። አንድ ዝናባማ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአፏ ነው።

«አሮጌ መጻሕፍት» አለ «ዘንዶው» ፈገግ ብሎ። «መምህሮቼ አሮጌ መጻሕፍት ናቸው።» ከዚያም በሰዉ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ መጨረሻው ረድፍ አንዲት ፈጣን፣ የተንኮል ዕይታ ላከ።

ጭብጨባው ሲጀምር ተርጓሚዋ ተነሥታ ወጣች። «ዘንዶው» ስትወጣ አይቷታል። እናም፣ አንባቢዬ፣ ደስ አለው! ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይተን እናያለን። ለጊዜው ይህን ብቻ ያዙልኝ፤ እሱ መድረክ ላይ ሆኖ እንደዚያች ደቂቃ ወዷት አያውቅም፤ እሷም ደረጃው ላይ እንደዚያች ደቂቃ ብቸኛ ሆና አታውቅም።

* * *

ትውውቃቸው እንዲህ ነበር። «ዘንዶው» የልቦለዱን ረቂቅ ይዞ ከዝናብ ለመሸሽ ቤተ መጻሕፍቱ ገባና ጥጉን ይዞ ሲሰርዝ ሲደልዝ ዋለ። ተርጓሚዋ በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ጀግናው ዘንዶው ላይ የመትረየስ ጥይት ሲያርከፈክፍ አየች።

«በምን?» አለች ሳታስበው።

«በመትረየስ። ምነው?»

«ዘንዶ በመትረየስ አይሞትም።»

«አንቺ ስንት ገድለሻል?»

ሳቀች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮክ ብላ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ስለነበር ራሷም ደነገጠች። ከዚያ ወንበር ሳበችና የጥንቶቹ ተራኪዎች ዘንዶ አውሬ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችው። «ወርቅ ላይ ይተኛል። አይበላው፣ አይለብሰው፣ ለሰው አይሰጠው። ጀግናው የሚፈራው እሳቱን አይደለም፤ ገድሎት ሲያበቃ እሱኑ መሆንን ነው።»

«ይሄማ የቤት አከራያችን ነው» አለ «ዘንዶው»፣ እርሳሱን እያወጣ።

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓት የነሱ ሆነ። እሷ ብራናውን ትዘረጋለች፤ ጣቷን ከመስመሩ በላይ አንሳፍፋ፣ ሳትነካው፣ እያነበበች ትተረጉምለታለች፤ እሱ ይጽፋል። የምናብ ልቦለድ ትናንት ከፊልም ጋር የተወለደ ይመስለው ነበር። እሷ ሥሩን አሳየችው። ጌታው የካደ ዕለት ከሰገባው አልወጣም የሚል ጎራዴ አሳየችው። የቆሰለ ንጉሥ አሳየችው፤ እሱ ካልዳነ የአገሩ ወንዝ አብሮት ይደርቃል። የገባበትን ሰው ሌላ ሰው አድርጎ የሚያስወጣ ጫካ አሳየችው። መነኮሳት በካርታቸው ጠርዝ ላይ፣ የሚያውቁት አገር ሲያልቅባቸው፣ ጆሯቸውን ተከናንበው የሚተኙ ሰዎች ሥለው ነበር። «ያላዩትን አገር ባዶ መተው አልሆነላቸውም» አለችው። «ዛሬ ወጣቱ ፋንታሲ እያለ የሚሻማበት ሁሉ እነዚህ ሰዎች በብርድ ጣታቸውን እያሹ የጻፉት ነው።»

«እኛ እንግዲህ ሌቦች ነን በይኛ።»

«አይ፣ ወራሾች ናችሁ።»

በዚያው ሰሞን ነው «እመቤቴ» ማለት የጀመረው፤ እንደ ፈረሰኞቹ። በቀልድ ነበር፤ ቀልድነቱ ቶሎ አለቀ። እናቱ ጋ ወሰዳት። ልብስ ሰፊዋ በሜትራቸው ወገቧን ለክተው «ይህቺ ልጅ ምሳዋን ለማን ነው የምትሰጠው?» አሉና ወደ ልጃቸው ገላመጡ። እሷ ያን ጠባብ ሱቅ፣ የስፌት መኪናውን ድምፅና ወለሉ ላይ የተበተነውን የጨርቅ ቁርጥራጭ ከአባቷ ሰፊ ቤት አብልጣ ወደደች። ሱቁ ውስጥ ማንም ዝም በሉ አይልም።

ለአባቷ ግን መናገር አልቻለችም። ፕሮፌሰሩ የምናብ ልቦለድ ሲነሳ «የታላላቆችን ካባ ቀዶ ለአሻንጉሊት ልብስ መስፋት ነው» ይሉ ነበር። «ዘንዶው» የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኑን ቢሰሙማ ምሳሌያቸው እንዴት ደስ ባላቸው!

* * *

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትገባ ፕሮፌሰሩ እንደ ልማዳቸው ጥናት ክፍላቸው ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ ግድግዳ ሥር፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቢደክምም አፍንጫቸው አልደከመም።

«አዲስ ቀለም ይሸተኛል። ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ልቦለድ ነው አባባ። የምናብ።»

«ያ የዘንዶ ወሬ? እስቲ መግቢያውን አንብቢልኝ። መጽሐፍ ከደጁ ይታወቃል።»

እንዲህ ይሆናል ብላ አልነበረም የመጣችው። ቆማ ልትናገር ነበር የመጣችው። አሁን ግን የምታሳየው ነገር የላትም። ተቀመጠችና አነበበችላቸው። «ይህን ታሪክ ከማን እንዳገኘሁት አልናገርም። ብትጠይቁኝም አልናገርም።»

ፕሮፌሰሩ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ከዚያ «ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ከዳት። የአባቷ ጣቶች ምርኩዙ ላይ ቀጥ አሉ፤ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ እነዚያ ደካማ ዓይኖች ፊቷ ላይ ብዙ ቆዩ።

«ደራሲው ወጣት ነው?»

«ወጣት ነው።»

«ታውቂዋለሽ?»

ለዚህ ጥያቄ ነበር ስትዘጋጅ የከረመችው። መልሱን በመስታወት ፊት ስንት ጊዜ ተለማምዳዋለች!

«ቤተ መጻሕፍት ይመጣ ነበር» አለች።

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ተዉት። መልሰው ሲናገሩ ስለ ሌላ ነገር ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት ትኬት እናስቆርጣለን። ሁለት ይሁን?»

«ሁለት ይሁን አባባ።»

ክፍሏ ገብታ አረንጓዴውን ቀሚስ አወለቀች። አጣጥፋ ልታስቀምጠው ስትል የስፌቱ ጥራት አሳዘናት፤ የማይታየው የውስጡ ጠርዝ እንኳ በጥንቃቄ ተለቅሟል። በጨርቁ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። የከፋት ስሟ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። የወደደችው ሰው አባቷን ሆኖ ተገኘባት።

* * *

«ዘንዶው» እስከ ሳምንቱ አጋማሽ አልመጣም። ሆን ብሎ ነው። ናፍቆቱን እያጣጣመ ነበር። ሲመጣም በምሳ ሰዓት፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ እያፏጨ ነው የመጣው። ተርጓሚዋ የብራና ሣጥኖቹን በገመድ እያሰረች፣ መለያቸውን እየለጠፈች አገኛት።

«ብራናዎቹ ቤት ሊቀይሩ ነው እንዴ?»

«እኔ ነኝ የምቀይረው። ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«መጽሐፉ ሲወጣ እወስናለሁ አላልሽኝም?»

«ወጣ። ወሰንኩ።»

«አልወደድሽውም ማለት ነው?»

«እያንዳንዱን ገጽ እወደዋለሁ።» ገመዱን አጠበቀችው። «ገሚሱን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የነገርኩህ። ታዲያ እኔ የት አለሁ?»

እዚህ ላይ ነው፣ አንባቢዬ፣ ያ ሞኝ ሰው ፊቱ እንደ መብራት ቦግ ያለው። ጉዳዩ ይህ ብቻ ከሆነ እዳው ገብስ መሰለው!

«እመቤቴ! እዚያው ነሽ እኮ! የመጀመሪያው ገጽ ሙሉውን አንቺ ነሽ!» እጇን ያዘ። «ረሳሽው? የፈረሰኞቹ ሕግ! ፈረሰኛው ለእመቤቱ ይዋጋል፣ ለእሷ ይቆስላል፣ ስሟን ግን አይጠራም። ከሰው ፊት ስሟን ያወጣ ዕለት ያጣታል። አንቺ ነሽ ያነበብሽልኝ! አሳታሚው ‹የምታመሰግነው ሰው የለም ወይ?› ብሎ ሲነዘንዘኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ስምሽን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ማንም ሰው ሌላ ሰው እንዲህ አክብሮ አያውቅም ብዬ ኮራሁ። አዳራሹን ጥለሽ ስትወጪማ አብረሽኝ ምሥጢር የምትጠብቂ መስሎኝ በደስታ ልሞት!»

ተርጓሚዋ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ።

«አባቴ መጽሐፍ ባሳተሙ ቁጥር የመጀመሪያውን ገጽ ተደብቄ አያለሁ» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ። አንዲት ቃል ፈልጌ። ያንተን መጽሐፍ ስገልጥ ግን አልተደበቅኩም። ሰው ፊት ነው የገለጥኩት።»

«አልነገርሽኝም...»

«አልነገርኩህም። እውነትህን ነው።»

«እኔ እኮ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።»

«ዝምታው አይነቅዝም። ውስጡ የተቀመጠው ሰው ነው የሚነቅዘው።»

«ዘንዶው» ከፊቷ ተንበረከከ። እንደ ፈረሰኛ አልነበረም፤ እንደ ለማኝ ነው። «ሁለተኛው እትም ላይ አስገባዋለሁ። ሽፋኑ ላይ! ከእኔ ስም በላይ!»

«አሁን ብታስገባው ስላለቀስኩ ነው።» ፊቱን በመዳፎቿ ያዘች። ያን ፊት እንዴት እንደምትወደው! «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ተረት አንብቤልህ ስጨርስ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ?»

አሰበ። ሕጉን ያስታውሳል፤ ፈረሰኛው ስሟን በስካር አምልጦት ሲጠራ፣ እመቤቲቱም በጭጋግ ውስጥ ስትጠፋ ያስታውሳል፤ ፈረሱ ሳይቀር ትዝ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የተባለ ነገር ግን ትዝ አላለውም።

«‹እመቤቲቱን ማን ጠየቃት?› ነው ያልኩህ። ‹ስሟ ይጠራ ወይም ይቅር ብሎ ማን ጠየቃት?› አንተ እርሳስህን እየቀረጽክ ነበር።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ተረቱን ሰማህ። እኔን አልሰማኸኝም። አንተ የምትወዳት እዚያ ብራና ላይ ያለችዋን ነው። አልፈርድብህም፤ እሷ በጣም ውብ ናት። እሷ ግን አይርባትም፣ አይከፋትም፣ ስሜን ጻፍልኝ አትልም።»

«እንዲህ አትበይኝ። ካላመንሽኝ አባትሽን ጠይቂ!» ተስፋ የቆረጠ ሰው ያገኘውን ይይዛል። «ይህን ሕግ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ገጽ አንብቢላቸው፤ ገና ሳትጨርሺ ‹ይህ ልጅ አንዲት ሴት ይወዳል› ይሉሻል። ከፍቅር እንጂ ከንቀት አለመሆኑን ካንደበታቸው ትሰሚያለሽ!»

የተርጓሚዋ እንባ ፊቷ ላይ ቆመ። ጆሮዋ ውስጥ የአባቷ ድምፅ መጣ፦ «ድገሚው።»

«ምነው?» አለ «ዘንዶው»።

«አንብቤላቸዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሻርፗን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ «እጠብቅሻለሁ! ዕድሜ ልኬንም ቢሆን እጠብቅሻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ዞር አለች። «አትጠብቀኝ። መጠበቅ ያምርብሃል፤ የምፈራው እሱን ነው።»

ይህን ተናግራ ስትወጣ ደረቷ ውስጥ ያለው ሁሉ ተመለሺ ይላት ነበር።

* * *

ፕሮፌሰሩ ከመስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ። ገብታ ሳትቀመጥ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ያን ገጽ ሳነብልዎ ገብቶዎት ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን የቱን ገጽ ይል ነበር። እሳቸው አላሉም። «ገብቶኝ ነበር።»

«እኔ መሆኔም?»

«ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ።»

«እና ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በዚያች ሰዓት ሊቅነታቸው ሁሉ ከላያቸው ላይ ወልቆ አንድ የፈራ ሰው ብቻ ቀረ። «ብነግርሽ ትቀሪ ነበር። ከቀረሽ ደግሞ ማን ያነብልኛል? እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት...» በእጃቸው ግድግዳውን አመለከቱ፤ «ካንቺ ሌላ ድምፅ የላቸውም እኮ ልጄ።»

«ታዲያ አንዱ ላይ እንኳ ስሜን ለምን አልጻፉልኝም?»

ፕሮፌሰሩ ከልባቸው ተገረሙ። የሚያስለቅሰውም መገረማቸው ነው። «ትፈልጊው ነበር? መቼ ጠየቅሽኝ?»

አሁንስ ማልቀስም ሰለቻት። ሁለቱም ወንዶች ይወዷታል፤ አንዱ በክብር ሸሸጋት፣ ሌላው በችግር ሸሸጋት። ከሁለቱ አንዱ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሏት አያውቅም። እሷም ብትሆን አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም፤ ይህንንም ዛሬ አልደበቀችም።

«ትኬቱ አንድ ይሁን አባባ።»

«ወደዚያ ልጅ ልትሄጂ ነው?»

«አይደለም። ወደ አክስቴ። እዚያ ሆኜ ምን እንደምፈልግ አስባለሁ። አስቤው ስለማላውቅ ጊዜ ይወስድብኛል።»

«ማን ያነብልኛል ታዲያ?» አሉ እንደገና፣ አሁን እንደ ልጅ።

ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመች። «ሰው ይቅጠሩ። ሲቀጥሩት ስሙን ይጠይቁት።»

ይህን ስትል ክፉ ልትሆን ፈልጋ አልነበረም። ደረጃውን ስትወርድ ግን በሁለቱም እግሯ ላይ ድንጋይ የታሰረባት ያህል ከበዳት።

* * *

ወደ አክስቷ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ በልብስ ሰፊዋ መንደር በኩል ያልፋል። ሌላ መንገድ ቢኖረው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ባላደረሰን ነበር። ተርጓሚዋ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች። አላይም ብላ ነበር። አውቶቡሱ ሱቁ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ሲቆም አየች።

እናቱ የስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። እሱ ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ያ ያልተበጠረ ፀጉር፣ ያ ሲያስብ እርሳሱን የሚነክስበት አመል! ልቧ ከቦታው ተነሣ።

ይቅር ካለችው ቆይታለች። ይቅር ማለቱማ ቀላል ነበር፤ ክፋት የለበትም። አሁን እዚህ ወንበር ላይ የገባት ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያያት፣ ከተረት ሳይሆን ከአውቶቡስ መስኮት ውስጥ፣ ፊቷ በለቅሶ ያበጠ፣ አፍንጫዋ የቀላ ሴት ሆና ቢያያት፣ ሻንጣዋን ጥላ ትወርዳለች። አክስቷም ይቆዩ፣ ሐሳቡም ይቆይ። ከወንበሯ ብድግ አለች።

ቀና አላለም። ይጽፋል።

ጻፍ እንግዲህ፣ አለች በሆዷ። እመቤቲቱ በጭጋግ ውስጥ እንዴት እንደጠፋች ጻፍ። ገና ከከተማው ሳልወጣ ተረት አደረግኸኝ።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

እንደ ቆመች ሰው ሁሉ ያያታል።

«የለም» አለችና ተቀመጠች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

አንባቢዬ፣ «አንተ ሰው፣ ቀና በል እንጂ!» ብላችሁ እንደጮኻችሁ አውቃለሁ። እኔም ጮኼያለሁ። ግን እሷ ያላወቀችውን እናንተ እወቁት፤ የሚጽፈው ተረት አልነበረም። የሁለተኛውን እትም የመጀመሪያ ገጽ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው የእሷ ስም ብቻ ነው፤ ከነአባቷ ስም፣ ከነሥራዋ። ይጽፈዋል፤ አያምረውም፤ ይቀደዋል፤ እንደገና ይጽፈዋል። ወለሉ ላይ ከጨርቁ ቁርጥራጭ ጋር ስሟ ተከምሯል።

«ስም ለመጻፍ ይህን ያህል?» አሉ እናቱ፣ እግራቸውን ከመኪናው ሳያነሡ።

«ቆይ እማዬ፣ ይቺ ጥሩ ሳትሆን አትቀርም።»

የመጨረሻዋን ፊደል አስተካከለ። ወረቀቱን ራቅ አድርጎ አየው። በዚህኛው ተደሰተ፤ እሷም የምትደሰት መሰለው፤ ልቡ በተስፋ ሞቀ። ያን ጊዜ ቀና አለ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።